በትሩ የለም

የት ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ። መንገዱን ከነገርኳችሁ ሄዳችሁ ታዩታላችሁ፤ ካያችሁት ደግሞ ማን እንደነገረኝ ትጠይቁኛላችሁ። ከሐይቁ ወዲያ፣ ውኃ በቦይ የሚሄድበት አገር ነው ብዬ ልለፈው።

በዚያ አገር ንጉሥ ይኑር አይኑር እርግጠኛ የሆነ ሰው አልነበረም። አገሩን የሚያስተዳድረው ሣጥን ነው። የማን እርሻ እስከ የት እንደሚደርስ፣ ማን ማንን እንዳገባ፣ የቦዩ ውኃ በየትኛው ሳምንት ወደ የትኛው መንደር እንደሚለቀቅ፣ ሁሉም በብራና ቁራጭ እየተጻፈ በእንጨት ሣጥኖች ውስጥ ይቀመጣል። ሣጥኖቹ የሚኖሩበት ረጅም ቤት የሣጥን ቤት ይባላል። ባለጉዳይ ወደ ሣጥኖቹ አይገባም። በመስኮት ቆሞ የሚፈልገውን ይናገራል፤ አቅራቢ የሚባለው የቤቱ ሰው ገብቶ ክዳን ይከፍታል፣ ያገላብጣል፣ የተጠየቀውን አምጥቶ ያነብባል፤ አዲስ ነገር ካለም ጽፎ ይመልሳል።

አቅራቢው ከየትኛው ሣጥን እንደሚጀምር፣ ክዳኑን እንዴት እንደሚያነሳ፣ የተቀደደ ብራና ቢያገኝ ምን እንደሚያደርግ፣ ይህ ሁሉ በቤቱ ፊት ለፊት ባለው ትልቅ ግድግዳ ላይ ተጽፏል። ሰዉም ጽሑፉን «ግድግዳው» ይለዋል። ያ አገር ከሁሉ የሚኮራው በዚህ ግድግዳ ነበር፤ ከማንም አይደበቅምና። መንገደኛ ቆሞ ያነብበዋል። የወደደው ሰው ገልብጦ ወደ አገሩ ይወስድና የራሱን የሣጥን ቤት ያቋቁምበታል። ፈቃድ አይጠይቅም፤ አመስግን ብሎ የሚይዘውም የለም። ስሕተት ያየ ወይም የተሻለ ሐሳብ የመጣለት ደግሞ በብራና ይጽፍና ከግድግዳው አጠገብ ባለው የግራር አጥር ላይ በእሾህ ይሰካዋል። ግድግዳውን ያጸኑት፣ ከአርባ በላይ አገሮች እንዲገለብጡት ያደረጉት እነዚህ ስማቸው የማይታወቅ እሾህ ሰኪዎች ናቸው። ደመወዝ የላቸውም። ሥራቸውን ጨርሰው ማታ ማታ ቤታቸው ሲገቡ ነው የሚያስቡት።

በዓመት አንድ ጊዜ የነገ በዓል ይከበራል። በዚያ ቀን የነገ አዛዥ የሚባለው ሹም ከፍ ባለ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ወደፊት በማቅረቡ ሥራ ላይ የሚደረጉትን ማሻሻያዎች ያነብባል። አቅራቢው በእጥፍ ይፈጥናል። አቅራቢው ሁለት ሣጥን በአንድ ጊዜ ይከፍታል። ለየሣጥኑ የየራሱ የመክፈቻ በትር ይቆረጣል። ሣጥኖቹ ቀለም ይቀባሉ። ከዚያ የዓመቱ እሾህ ስንት እንደሆነ ይነገራል፤ ቁጥሩ ሲጠራ እልልታ ይቀልጣል። እሾሁ ይዞት የነበረው ብራና ምን እንደሚል ግን የጠየቀ የለም። የቀለሙ ነገር ብቻ ሁለት ጊዜ ተፈጽሟል። የቀረው በየዓመቱ እንደ አዲስ ይነበባል፤ ሕዝቡም በቃሉ ስለሚያውቀው ከአዛዡ ጋር አብሮ ይለዋል።

እሾሆቹን ከአጥሩ ነቅላ የምትቆጥረው ትርንጎ ማሩ የምትባል የቤቱ ጸሐፊ ነበረች።

ትርንጎ የሸማኔ ልጅ ናት። በሣጥን ቤት ትምህርት ቤት ከወንዶቹ ኋላ ተቀምጣ ተማረች። እጇ ደግሞ እንደ ድምፅዋ አልነበረም። ድምፅዋ ከነጠላዋ ጫፍ አያልፍም፤ እጇ የጻፈው ግን ከመንገዱ ማዶ ይነበባል። አሮጌው ግድግዳ በዝናብ መፈራረስ ሲጀምር፣ አዲስ ግድግዳ ተሠርቶ ጽሑፉ እንዲዛወር ሲወሰን፣ መርጠው ለእርሷ ሰጧት። አርባ ቀን ፈጀባት። መጀመሪያ ከአሮጌው ግድግዳ ወደ ብራና ገለበጠች፤ ቀጥላ ብራናውን በግራ እጇ ይዛ፣ መሰላል ላይ ቆማ፣ ወደ አዲሱ ግድግዳ አሰፈረች። ስትጨርስ በደንቡ መሠረት አሮጌው ግድግዳ በዚያው ዕለት በጭቃ ተለሰነ። ከአዲሱ ግርጌ ደግሞ ስሟ በሐረግ ተከቦ፣ በትልልቅ ፊደል እንዲጻፍ ተፈቀደላት። በዚያ ግድግዳ ላይ የሴት ስም ሲጻፍ የመጀመሪያው ነበር።

አባቷ አቶ ማሩ ማንበብ አይችሉም። ሰው ክንዳቸውን ይዞ ወደ ግርጌው አድርሶ «ይኼ ነው» አላቸው። በሸማኔ ጣታቸው ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ዳሰሱት። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ለነገ በዓል እየመጡ፣ የአዛዡን ንባብ ትተው፣ ያንን ስም ዳስሰው ይሄዱ ነበር።

ችግሩ የመጣው ግድግዳው ተጽፎ ባለቀ በሦስተኛው ቀን ነው። ትርንጎ ብራናውን ልትጠቀልል ስትዘረጋው፣ በግራ በኩል የአውራ ጣቷ የቀለም ምልክት ታየ። ግድግዳው ላይ ስትጽፍ ብራናውን የያዘችበት ጣት ነው። ከምልክቱ ሥር አንድ መስመር አለ። ሮጣ ወጥታ ግድግዳውን አየች። መስመሩ የለም። ጣቷ ሸፍኖት ዘልላዋለች።

መስመሩ ስለ በትሩ ነበር።

በዚያ ቤት አንድ በትር አለ። የሣጥን ክዳን መክፈት የሚችለው በትሩን የያዘው አቅራቢ ብቻ ነው። ይህ ያለ ምክንያት የወጣ ደንብ አይደለም፤ ድሮ ሁለት ሰዎች አንድ ሣጥን ባንድ ጊዜ ከፍተው ሲጽፉ አንድ እርሻ ለሁለት ገበሬ ሰጥተው ደም ፈስሷል። ስለዚህ ማንም በተራው በትሩን ያነሳል፣ ሥራውን ይጨርሳል፣ በትሩን ወደ ማንጠልጠያው ይመልሳል። በትሩን ይዞ የጠፋ እንደሆነስ? አሮጌው ግድግዳ ይህንንም አስቦበት ነበር። ትርንጎ የዘለለችው መስመር እንዲህ ይላል፦ «በትር የያዘ ሰው ስሙ በደጅ ሰባት ጊዜ ተጠርቶ አቤት ካላለ፣ በእጁ ያለው እንጨት ብቻ ነው፤ ቤቱ ሌላ በትር ይቁረጥ።»

ያን ጊዜ ወዲያው መናገር ነበረባት። የግድግዳ ጸሐፊ ከተሳሳተ ስሙ ከግርጌው ይፋቃል፣ የቀለም ቀንዱም በደጁ ላይ ይገለበጣል፤ ከዚያ በኋላ በቀለም አይጽፍም። የፈራችው ግን ቀንዱን አልነበረም። አባቷ ገና ትናንት ነበር ስሟን የዳሰሱት። ለማን እንደምትናገር፣ በምን ቃል እንደምትጀምር ስታስብ ፊቷ እየጋለ ቀኑ መሸ። ነገ አለች። በሚቀጥለው ሳምንት አለች። በትር ይዞ የሚጠፋ ማን አለ ብላም ራሷን አጽናናች።

የጠፋው ብዙ ነው። አንዱ በትሩን በብብቱ ይዞ ሠርግ ሄደ፤ ቤቱ ሁለት ቀን ተዘጋ። ሌላው ታሞ ተኛ፤ ዘጠኝ ቀን። ባለጉዳይ ሲመጣ በረኛው ጋሽ እርገጤ በዚያ ከበሮ በሚመስል ድምፁ «በትሩ የለም!» ይላል። ሰዉ መጀመሪያ ተቆጣ። ቀጥሎ አጉረመረመ። ኋላ ግን እንደ ዝናብና እንደ ፀሐይ ለመደው። «እንዴት ዋልክ?» «በትሩ የለም፣ ምን እውላለሁ» መባባል ሰላምታ ሆነ። ከደጁ የመጠበቂያ ድንጋዮች ተደረደሩ። የመጠበቅ ሹም ተሾመ፤ ሥራው በደንብ የጠበቁትን ማመስገን ነው። ይባስ ብሎ ሊቃውንቱ ተሰብስበው፣ ግድግዳው በትር ይዞ ስለጠፋ ሰው ለምን ዝም እንዳለ መረመሩ፤ ሕዝቡን ትዕግሥት ሊያስተምር ስለፈለገ ነው የሚል ረጅም ሐተታም አወጡ። ሐተታው ባዶ የቀረውን የግድግዳውን ቦታ ሁሉ እስኪሞላ ድረስ በቀይ ቀለም እንዲጻፍ ታዘዘ። የጻፈችው ትርንጎ ናት። በገዛ ጣቷ የጎደለውን ነገር ጥበብ ነው ብላ በገዛ እጇ ጻፈች።

ከዚያም የባሰ አደረገች። በዘጠነኛው ዓመት ከአጥሩ እሾህ ስትነቅል፣ በሐይቁ መሀል ካለው ደሴት ሰዎች የመጣ ብራና አገኘች። ደሴተኞቹ ግድግዳውን የገለበጡት ገና አሮጌው ቆሞ ሳለ ነበር። የጻፉት በጣም በትሕትና ነው፦ «ሰላም ለእናንተ ይሁን። የእናንተን ግድግዳ ከእኛ ጋር ስናስተያይ በአራተኛው ዓምድ አንድ መስመር ጎድሎ አገኘን። አውቃችሁ አውጥታችሁት እንደሆነ ምክንያቱን ንገሩን፣ እኛም እናውጣው። ሳታውቁ እንደሆነ ግን መስመሩ እነሆ።» ትርንጎ እሾሁን ቆጠረችው። ብራናውን ከቀለም መደርደሪያው በስተጀርባ ደበቀችው። የመጀመሪያው የጣት ስሕተት ነበር፤ ይኼኛው ስሕተት አልነበረም።

በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ ኅዳር ላይ፣ አለቃ ጎሹ የሚባሉት ሽማግሌ አቅራቢ በትሩን እንደያዙ ከቦዩ ዳር ወድቀው ሞቱ። ጣታቸው ከበትሩ አልላቀቅ አለ። እጃቸውን መስበር ነውር ነው ተብሎ ከነበትሩ ተቀበሩ።

እንግዲህ ግድግዳው ምን ይላል ተባለ። ግድግዳው በትሩን የሚመልሰው የያዘው ሰው ራሱ ነው ይላል። ስለዚህ አለቃ ጎሹ በትሩን እስኪመልሱ ድረስ በሥራ ላይ ናቸው ተብሎ ተወሰነ። የመቃብር ጠያቂ የሚባል ሹም ተሾመና በየማክሰኞው መቃብሩ ላይ ቆሞ፣ በአክብሮት፣ ሥራዎን ጨርሰው እንደሆነ ብሎ ይጠይቃል። መልስ የለም። ተመልሶ «አልጨረሱም» ብሎ ያስታውቃል። በሥራ ላይ ላለ ሰው ደግሞ አይለቀስም። ሚስታቸው እትዬ ውባለም ጥቁር ልትለብስ ስትል ከለከሏት፤ ተዝካር ልታወጣ ስትል ለማን ነው አሏት። ሦስት ወር ሙሉ ነጭ ለብሳ፣ ባሏ ከሥራ ያልገባላት ሴት ሆና ተቀመጠች።

የእትዬ ውባለም መንደር የታችኛው ነው። የታችኛው መንደር የውኃ ተራ የሚጀምረው የካቲት ሲገባ ሲሆን፣ የቦዩ ጠባቂ የተራው ብራና ተነብቦ ካልሰማ በሩን ወደ ታች አያዞርም። ብራናው ያለው ሣጥን ውስጥ ነው። ሣጥኑን የሚከፍተው በትሩ ነው። በትሩ መቃብር ውስጥ ነው። በየማለዳው እትዬ ውባለም ከመስኮቱ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች፤ ጋሽ እርገጤም ዓይኗን ሳያይ የለመደውን ይላል።

ከበዓሉ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ትርንጎ እሾህ ስትነቅል እትዬ ውባለም ከድንጋዩ ላይ ጠራቻት። አንድ የሽንኩርት ችግኝ ከነሥሩ ነቅላ በቅጠል ጠቅልላ ይዛ ነበር። ጫፉ ቢጫ ሆኗል።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ» አለቻት፤ «እስቲ ንገሪኝ፣ ይኼ ስንት ቀን ይጠብቃል?»

ትርንጎ ችግኙን ተቀብላ አየችው። የገበሬ ልጅ ባትሆንም ከሳምንት እንደማያልፍ ገባት።

«እሱስ ደግ ሰው ነበር» አለች እትዬ ውባለም። «በሕይወቱ ሰው አስጠብቆ አያውቅም። አሁን ይኸው፣ አገር አስጠበቀ። ሰው ሲያልፍ የጎሹ ሚስት ብሎ ይገላምጠኛል። ላልቅስለት አልችል፣ ልቆጣው አልችል።»

ትርንጎ ችግኙን በመዳፏ እንደያዘች ገባች፣ ከቀለም መደርደሪያው ጀርባ የደሴተኞቹን ብራና አወጣች፣ ከከረጢቷ የጣቷ ምልክት ያለበትን የራሷን ብራና አወጣች፤ ሁለቱንም ይዛ ቀጥ ብላ ወደ ነገ አዛዥ ክፍል ሄደች።

የነገ አዛዥ ስብሃቱ ክፉ ሰው አልነበሩም። ሁሉን ነገር ከነገ ጀምሮ የሚያዩ ሰው ነበሩ። እያቋረጠች፣ እየተመለሰች፣ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሳ የነገረቻቸውን ሁሉ በትዕግሥት ሰሙ። ብራናዎቹን ጎን ለጎን ዘርግተው አነበቡ፣ የጣት ምልክቱን በጣታቸው ለኩ። ከዚያ ፈገግ አሉ። ይህ በጣም ግሩም ማሻሻያ ነው አሏት። ለሦስተኛው ዓመት ዕቅድ የሚሆን ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ይጠናል፣ በሁለተኛው ይመከርበታል፣ በሦስተኛው እንደ አዲስ ሐሳብ ከነገ አዛዥ ክፍል ይወጣል። የጎደለ ነበር ማለት አያስፈልግም። ተጨመረ ነው የሚባለው። ስሟም ከግርጌው አይነካም።

«አባትሽም እየመጡ ይዳስሱታል» አሉ፤ «ለሽማግሌ ሰው ደስታ ነው። ምን በወጣሽ ልጄ።»

እውነቱን እንናገር፤ የትርንጎ ልብ ወደዚያ አዘነበለ። አሥራ አንድ ዓመት የሸሸችው ነገር ያለ ምንም ኀፍረት እየተፈታላት ነበር። መዳፏን ከፈተችው፤ ችግኙ አሁንም በእጇ ነው።

«ጌታዬ፣ ይኼ ሦስት ዓመት አይጠብቅም» አለች።

«ምኑ?»

«ሽንኩርቱ።»

አዛዡ ሽንኩርቱን አዩት። በዕቅዱ ውስጥ ስለ ሽንኩርት የተጻፈ ነገር አልነበረም። በበዓሉ ላይ ለሕዝብ መናገር የምትፈልግ እንደሆነ ግን፣ ደንቡ የማንንም አፍ አይዘጋም አሏት። ድምፅዋ ከነጠላዋ እንደማያልፍ አገሩ ሁሉ ያውቃልና አልሰጉም።

የበዓሉ ቀን ሕዝቡ ከጧት ጀምሮ ግድግዳው ሥር ሞላ። አቶ ማሩ መጥተው ስሟን ዳስሰው ከግርጌው አጠገብ ቁጭ ብለዋል። አዛዡ ዕቅዱን አነበቡ፤ ሕዝቡ አብሮ አለ። አቅራቢው በእጥፍ ይፈጥናል ሲባል ከወደ ኋላ አንዱ፣ ከመቃብር ወዲህ ነው ወዲያ ብሎ ሰዉን አሳቀ። የእሾሁ ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሁለት ሆኖ ተነገረ። እልል ተባለ። ከዚያ ትርንጎ ተነሥታ ድንጋዩ ላይ ወጣች።

ተናገረች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ የሚሰማ ግን የለም። «አልሰማንም» አሉ ከመሀል። እንደገና ጀመረች። «አንቺ ልጅ፣ ለግድግዳው ነው ለእኛ የምትነግሪው?» አለ አንዱ። ሰዉ መሳሳቅ ጀመረ፤ አዛዡም እጃቸውን ዘርግተው ሊያወርዷት ሲሉ፣ ጋሽ እርገጤ ከበሩ ተነሥቶ ከጎኗ ቆመ።

«ለኔ ንገሪኝ» አላት። «እኔ እላለሁ። እዚህ አገር ከኔ ድምፅ የመጣ ነገር ሰው ሳይወድ ይሰማል።»

እርሷ ቀስ ብላ ትናገራለች፣ ጋሽ እርገጤ በዚያ በር በሚያነቃንቅ ድምፁ ይደግማል። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ግድግዳውን ስጽፍ አንድ መስመር ዘለልኩ። ጣቴ ሸፍኖት ነው። በሦስተኛው ቀን ዐወቅኩት። አልተናገርኩም። እዚህ ላይ ጋሽ እርገጤ ራሱ ቆም ብሎ ዞሮ አያት፤ አሥራ አንድ ዓመት በሩ ላይ ቆሞ ያንን ቃል ሲል የኖረው እርሱ ነውና። ከዚያ ቀጠለ። የደሴቱ ሰዎች ስሕተቱን አግኝተው ጽፈውልን ነበር። ደበቅኩት። ትዕግሥት ነው የተባለው ሐተታ ሐሰት ነው። ግድግዳው ዝም አላለም፤ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። መስመሩ ይኸው።

መስመሩ ተነበበ። ብራናዎቹ ከእጅ ወደ እጅ ሄዱ፤ ማንበብ የሚችሉት አነበቡ፣ የማይችሉት የጣቱን ምልክት አዩ። የመጠበቅ ሹሙ ቀስ ብሎ ከመጠበቂያው ድንጋይ ላይ ተነሣ።

አዛዡ ማንኛውም ለውጥ ግድግዳው ላይ ከመስፈሩ በፊት በለውጦች ሣጥን መመዝገብ አለበት፣ ሣጥኑን ለመክፈት ደግሞ በትር ያስፈልጋል አሉ። በዚህ ጊዜ ትርንጎ ነጠላዋን ከአፏ አወረደች። ጋሽ እርገጤን አልጠበቀችም።

«ለውጥ አይደለም» አለች። «የነበረ ነው።»

ይህን ሁሉም ሰማ።

እትዬ ውባለም ከሕዝቡ መሀል ወጥታ ወደ ድንጋዩ መጣች። ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። ትርንጎን ከእግር እስከ ራስ አየቻት።

«ሦስት ወር» አለች። «አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ እትዬ።»

«የአንቺን በኋላ እንነጋገራለን። አሁን ባሌን ጥሩልኝ።»

ከሣጥን ቤቱ ደጅ ቆሙ። ትርንጎ የመጀመሪያውን ጠራች፤ «አለቃ ጎሹ!» ያ ድምፅ ከየት እንደመጣ እርሷም አላወቀችም። ሁለተኛውን ጋሽ እርገጤ ጠራ፤ እርግብ ከጣሪያው ተነሣ። ሦስተኛውንና አራተኛውን የታችኛው መንደር ሰዎች በአንድነት ጠሩ። አምስተኛውን የመቃብር ጠያቂው፤ ከለመደው አክብሮት ሳያጎድል ጠርቶ ለጥቂት ጊዜ ጆሮውን አቀና። ስድስተኛው ላይ አዛዡ ራሳቸው ሳያስቡት አብረው ጠሩ። በየመሀሉ ውኃው በላይኛው ቦይ ሲሄድ ይሰማ ነበር።

ሰባተኛውን እትዬ ውባለም ጠራች። እርሷ አለቃ አላለችም።

«ጎሹዬ።»

አቤት የሚል የለም።

እትዬ ውባለም ነጠላዋን አውርዳ አዘቅዝቃ ለበሰች፣ ከመጠበቂያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ሦስት ወር የዘገየውን ለቅሶ ጀመረች። ሴቶቹ ከበቧት። ወንዶቹ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ቆሙ። የነገ በዓል በዚያ ዓመት ለቅሶ ቤት ሆነ።

ጋሽ እርገጤ እሾህ ከሚሰካበት የግራር አጥር አንድ ቅርንጫፍ ቆርጦ ላጠው። ሣጥኑ ተከፈተ፣ የውኃው ተራ ተነበበ፤ የቦዩ በር በማግስቱ ወደ ታች ዞረ። ከችግኙ ግማሹ ተረፈ። ግማሹ አልተረፈም።

ትርንጎ መስመሩን ወደ ግድግዳው ልትመልስ መሰላሏን ተሸክማ ስትመጣ ባዶ ቦታ አጣች። ቀዩ ሐተታ ሁሉን ሞልቶታል። ሐተታውን ለመፋቅ ደግሞ የሊቃውንት ጉባኤ ያስፈልግ ነበር፤ ጉባኤውም በሦስተኛው ዓመት ዕቅድ ላይ ነው። ወደ ግርጌው ወርዳ አየች። በሐረግ የተከበበው ስሟ ለአንድ መስመር የሚበቃ ቦታ ይዟል። መፋቂያውን ራሷ ይዛ ስሟን ፋቀችው። የቀለም ቀንዷንም ለመገልበጥ የመጡትን ሹማምንት፣ አንድ መስመር ልጻፍና ከዚያ ገልብጡት ብላ አስጠበቀቻቸው። ጠበቁ፤ ለምደውታል። ከዚያ ገለበጡት።

በሚቀጥለው ቀን ግን ሰዉ በየቤቱ አልተበተነም። የአራት መቶ አሥራ ሁለቱ እሾህ ብራና የት እንዳለ ጠየቀ። ትርንጎ አንዱንም አልጣለችም ነበርና አወጣችው። ሦስት ቀን ከድንጋዮቹ ላይ ተቀምጠው አንድ በአንድ አነበቡት። ከዚያ ሁሉ የወጣው ዕቅድ አጭር ነው። አንድ እሾህ ከተሰካ በሰባት ቀን ውስጥ መልስ ይሰጠው። ግድግዳው ሲገለበጥ አንዱ ይጻፍ፣ ሌላው ጣቱን እያየ ከጎኑ ይቁም። ለየሣጥኑ የየራሱ በትር የሚለውን የአዛዡን ሐሳብም አልጣሉትም፤ ከውኃው ሣጥን እንዲጀመር አደረጉ። አዛዡ ማን ይሠራዋል ብለው ሲጠይቁ ደመወዝ የሌላቸው እጆች ተነሡ፤ ከእነርሱም መሀል ቀለም የሌለው የአንዲት ጸሐፊ እጅ ነበር። ለደሴቱ ሰዎችም ሁለት ዓመት የዘገየ መልስ ተላከ፦ ሳናውቅ ነበር፣ በኋላ ግን ዐውቀን ነበር፣ ይቅር በሉን፣ መስመሩን አታውጡ።

«በኋላ» የተባለው ንግግርም ሳይቀር ተደረገ። እትዬ ውባለም ምን እንዳለቻት የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ትርንጎ ግን ያን በጋ በሙሉ፣ ከእሾህ ነቀላዋ ስትመለስ፣ ከታችኛው መንደር የሽንኩርት መደብ ስትኮተኩት ትታይ ነበር።

በዓመቱ አቶ ማሩ ለበዓሉ መጡ። ባለፈው በዓል ሁሉን በጆሯቸው ሰምተዋል፤ ዓመቱን ሙሉ አንስተውባት አያውቁም። እንደ ልማዳቸው ወደ ግርጌው ሄደው እጃቸውን ዘረጉ። ሐረጉ የለም። ፊደሎቹ ትንንሽ ናቸው፣ ረጅም ሆነው ተያይዘዋል። ጣታቸው ከዚህ እዚያ ተንከራተተ።

«የቱ ነው ያንቺ?» አሏት።

ትርንጎ የአባቷን አውራ ጣት ያዘችና ከመስመሩ መጀመሪያ ላይ አኖረችው፤ እስከ መጨረሻው ድረስ ወሰደችው።

«ይኼ ሁሉ፣ አባዬ» አለች።

እኔም ያየሁትንና የሰማሁትን በዚህ ጨረስኩ። የዘለልኩት መስመር ካለ፣ ያያችሁ እሾህ አትጡ።